የተሰበረው የእህቴ እጅ ነው፤ ሐኪሙ ለምን አንገቷን ዳሰሰ?

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ እየበዛ ስለሄደ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ይታክተውና የተመለሰውን መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥያቄዬን እንደገና ላስቀምጥና ከሥሩ የተባለውን በየቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላውራችሁ።

ጥያቄው ይህ ነበር። ታላቅ እህቴ 53 ዓመቷ ነው። እርጥብ ወለል ላይ አዳለጣት። ከደረጃ አልወደቀችም፣ ከወንበር አልወደቀችም፣ ከቆመችበት ነው። መዳፏን ዘርግታ ስትደገፍ የግራ አንጓዋ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሐኪሙ እጇን በጄሶ ካሰረላት በኋላ ስለ አወዳደቋ ሳይሆን ስለ ክብደቷ ይጠይቃት ጀመር። በስድስት ወር ውስጥ 9 ኪሎ ቀንሳለች። ስትበላ ግን ከሁላችንም በላይ ትበላለች። ከዚያ ከኋላዋ ቆሞ አንገቷን በሁለት እጁ ዳሰሰ፣ ውሃ እንድትውጥ አደረገ፣ ደህናውን እጇን ዘርግታ እንድትይዝ ነገራት። ጣቶቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። የደም ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚሉት፣ አንጎል ሥር ያለ ዕጢ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን፣ ከ0.01 በታች ነው፤ ታይሮይዱ ሲበዛ እሱ ይወርዳል። የታይሮይድ ሆርሞኖቹ ቲ3 እና ቲ4 ከልክ በላይ። ካልሲየም 11.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚሉትም ከፍ ብሏል። የታይሮይድ ሆርሞኗ እንደበዛና አጥንቷን ያሳሳውም እሱ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረን።

እኔ ታይሮይድ ሲባል የማውቀው እንቅርትን ነው። ቢበዛ የልብ ምት መፍጠን፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት። አጥንት ውስጥ ምን ሊሠራ ገባ? ደግሞ ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ከስብራቱ በፊት እግሯን ይቆረጥማት ስለነበር የካልሲየም እንክብል ገዝቼ በቀን ሁለት ሁለት እሰጣት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያዝልኝ። ልቀጥል ወይስ ላቁም?

1ኛ. የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ እህቴን እግዜር ይማራት ብላ ነው የጀመረችው። እሷንም ከአራት ዓመት በፊት ይኸው በሽታ ይዟት ነበር፤ ግሬቭስ የሚባለው ዓይነት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ የታይሮይድ ዕጢውን ያለ ልክ የሚቀሰቅስበት። ስለ ልቧ፣ ስለ ዓይኗና ስለ ክብደቷ ብዙ ተነግሯታል። አጥንቷን ግን አንድም ቀን ያነሳላት ሰው አልነበረም። የኔን ጥያቄ ስታነብ የጀርባ ሕመሟ ትዝ እንዳላትና ቀጠሮ እንደያዘች ጻፈች።

2ኛ. ሁለተኛዋ ነርስ ናት። እጅግ በሚገባ አማርኛ አስረዳችኝ። አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ዕድሜ ልክ በጥቃቅን ቦታ እየፈረሰ ይታደሳል። አፍራሽ ሴሎች ያረጀውን ይቦረቡራሉ፣ ገንቢ ሴሎች ተከትለው ጉድጓዱን ይሞላሉ። በጤነኛ አዋቂ ሰው አንዱ ዙር 200 ቀን ገደማ ይፈጃል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ይህ ጊዜ በግማሽ ያህል ያጥራል፣ በአንድ ጊዜ የሚቦረቦሩት ቦታዎችም ይበዛሉ። ሆርሞኑ ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው ዙሩ እስከ 700 ቀን ድረስ ይንቀራፈፋል። ጉዳቱ ከፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ገንቢዎቹ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሚያጥራቸው ከሚታደሰው አጥንት በየዙሩ አንድ አስረኛ ያህሉ ሳይተካ ይቀራል። ቤት እንደሚያሳድስ ሰው አስቡት አለችን፤ አፍራሾቹ ጠዋት ማታ ይመጣሉ፣ ግንበኞቹ ግን ግድግዳውን ሳይጨርሱ ወደ ሌላ ክፍል ይጠራሉ። ይቺን ለእህቴ ነገርኳት። ወዲያው ነው የገባት።

3ኛ. ሦስተኛው ሰውዬ ነገሩን ማካበድ አያስፈልግም ባይ ነው። አጥንት ከካልሲየም ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ወተት ትጠጣ፣ ፀሐይ ትሙቅ፣ እንክብሉንም አጠናክራ ትውሰድ፣ በቃ።

4ኛ. እዚህ ላይ ነው ክሩ የሞቀው። አራተኛዋ ጸሐፊ ምንም ሰላምታ ሳታስቀድም ሦስተኛውን ያዘችው። ውጤቱን አንብበህ ነው የምትመክረው ዓይነት ነገር ነበር የጻፈችው። ደሟ ውስጥ ካልሲየም 11 የደረሰን ሴት ካልሲየም ጨምሪ ማለት ሰው መጉዳት ነው አለች። አነጋገሯ ከረር ቢልም እኔ በበኩሌ አመሰግናታለሁ። እንክብሉን በዚያው ምሽት አስቆምኩት፣ ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፣ እሱም ደግ አደረግሽ አለኝ።

5ኛ. ሦስተኛው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፣ ተቀይሞ። ሐኪም ነኝ እንዳላለ፣ ለመርዳት ብሎ እንደጻፈ፣ ነገር ግን አንድ ነገር እንዳልገባው ነገረን። አጥንቷ ካልሲየም እያጣ ከሆነ ደሟ ውስጥ ለምን ይተርፋል? የሚጎድል ነገርስ ካልተተካ በምን ይሞላል? ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን የምናስበውም እንደሱ ነው።

6ኛ. ለዚህ የመለሰችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ከዚህ ክር ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አንብቡ ብባል ይቺን እመርጣለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ደም ውስጥ የተረፈው ካልሲየም ከምግብ የመጣ አይደለም፤ ከፈረሰው አጥንት የወጣ ነው። ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ደቃቅ ዕጢዎች አሉ። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ሥራቸው ሌላ ነው፤ የካልሲየም ዘበኞች ናቸው። ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞናቸውን ይለቃሉ፣ ሲበዛ ዝም ይላሉ። አሁን ከአጥንት የሚወጣው ስለበዛ ዝም ብለዋል። እነሱ ዝም ሲሉ ሦስት ነገር ይከተላል። ኩላሊት ካልሲየሙን ማስቀረት ይተውና በሽንት ይለቀዋል። ፎስፌት የሚባለውን ሌላውን የአጥንት ማዕድን ደግሞ በተቃራኒው ይይዛል፣ ስለዚህ የደም ፎስፌት ከፍ ወደ ማለት ያደላል። ሦስተኛው ለኔ ፈጽሞ አዲስ ነበር። ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው መልኩ የሚቀይረው ኩላሊት ነው፣ ለዚያም የፓራታይሮይድ ትዕዛዝ ያስፈልገዋል። ትዕዛዙ ሲቀር የሚሠራው ቫይታሚን ዲ ይቀንሳል፣ አንጀትም ከምግብ የሚወስደው ካልሲየም ያንሳል። ባንድ በኩል ከአጥንት ይወጣል፣ በሌላ በኩል በሽንት ይፈሳል፣ ከላይ ደግሞ እንደልብ አይገባም። አፍራሾቹ እስካልቆሙ ድረስ እንክብል ቢጨመር አጥንቱ ጋ አይደርስም፤ የደሙንና የሽንቱን መጠን ሊያባብስ ግን ይችላል።

ቀጥላም እኔ ለጥፌው የነበረውን የውጤት ወረቀት ፎቶ እንዳየችው ነገረችኝ። ከታች ጥግ ላይ አንድ መስመር አለ። ፓራታይሮይድ ሆርሞን፣ 6። ጤናማው ከ15 እስከ 65። እኔ ያንን መስመር ልብ ብዬም አላየሁትም፤ ወረቀቱ እዚያ ጋ ታጥፎ ነበር። እሷ ግን ታሪኩ እዚያች ቁጥር ላይ እንዳለ ጻፈች። ካልሲየም ከፍ ብሎ ይህ ሆርሞን ከወረደ ዘበኞቹ ጤነኞች ናቸው፣ ጥፋቱ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው ማለት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ከበዛባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ካልሲየሙ ከፍ ሊል እንደሚችል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በትንሹ እንደሆነም አክላለች። በጣም ሲጨምር ጥማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያመጣል።

ጥማት ስትል ደነገጥኩ። እህቴ አልጋዋ አጠገብ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ታስቀምጥ ነበር። ጠዋት ሁልጊዜ ባዶ ነው። እኔ ለጤናዋ አስባ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

7ኛ. ሰባተኛው ስለ አባቱ ጻፈ። አባቱም ታይሮይዱ በዝቶበት ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ነበር። ታይሮይዱ ታክሞ ተስተካከለ፣ ካልሲየሙ ግን አልወረደም። ሲመረመር የፓራታይሮይድ ሆርሞኑ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ዘበኛ ዕጢ ላይ እብጠት ነበረበት። ሁለት በሽታ ባንድ ሰው። ስለዚህ ታይሮይዱ ሲረጋ ካልሲየሙም አብሮ መውረዱን ሳታረጋግጡ እንዳትቀመጡ ብሎ አስጠነቀቀ። በስድስተኛዋ መልስ ላይ በቦታው የገባ ጭማሪ ነው።

8ኛ. አንዲት ሴት ደግሞ የሷ ቲ3 እና ቲ4 ጤናማ እንደሆኑ፣ ቲኤስኤች ብቻ ዝቅ እንዳለ፣ ምንም ሕመም እንደማይሰማት ገልጻ ይህስ አጥንት ይነካ እንደሆነ ጠየቀች።

9ኛ. የመለሰላት የውስጥ ደዌ ሐኪም እንደሆነ የገለጸ ሰው ነው። ዝም ያለ የታይሮይድ መብዛት የሚባለው ይህ ነው አለ። በ2015 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ትንተና 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎችን አይቷል። እንዲህ ያለ ዝም ያለ መብዛት ያለባቸው ሰዎች ዳሌያቸው የመሰበር ዕድሉ ሆርሞናቸው ከተስተካከለው በ36 በመቶ ይበልጣል። ቲኤስኤች ከ0.1 በታች ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ወደ 61 በመቶ ይደርሳል። ይህ ማለት ሁሉም ይታከም ማለት አይደለም፤ ዕድሜ፣ ማረጥ፣ የልብ ሁኔታና የቲኤስኤቹ መጠን ተደማምረው ይታያሉ። ዝም ብሎ መተው ግን ትክክል አይደለም። የሱ አጻጻፍ ረጋ ያለ ስለነበር ክሩም አብሮት ረጋ አለ።

10ኛ. ከዚያ ወደ ፀጉር ሄድን። አንዲት ልጅ ፀጉሯ እየረገፈባት ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት ያለበት እንክብል ለወራት ስትወስድ ከርማ፣ ስትመረመር ቲኤስኤቿ ወርዶ ቲ4 ከፍ ብሎ መገኘቱን አወራች። ምንም ምልክት አልነበራትም። መድኃኒት ልትጀምር አንድ ቀን ሲቀራት ነው ሐኪሟ ምን ምን እንደምትወስድ የጠየቃት።

11ኛ. የላቦራቶሪዋ እህታችን ተመልሳ ይህ እውነት እንደሆነ አረጋገጠች። አንዳንዶቹ የምርመራ ዘዴዎች ውስጣቸው ባዮቲንን ስለሚጠቀሙ፣ ሰውየው ብዙ ባዮቲን ከወሰደ ንባቡ ይሳሳታል፤ ታይሮይዱ ሳይበዛ የበዛ ይመስላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ማቆም፣ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ ማቆየት፣ ለላቦራቶሪውም መንገር ያስፈልጋል።

ከ12 እስከ 15 ያሉት ስለ ፀጉር ቅባትና ስለ ማበጠሪያ ናቸው። እዘላቸዋለሁ።

16ኛ. አንድ ሰው ክሩን በጉልበት ወደ አጥንት መለሰው፣ አመላለሱ ግን ደስ አላለኝም። እህቴ 53 ዓመቷ ከሆነ ነገሩ የማረጥ ነው፤ ሴቶች በዚህ ዕድሜ አጥንታቸው ይሳሳል፣ ታይሮይድ ላይ ማላከክ ፋሽን ሆኗል አለ።

17ኛ. አራተኛዋ ጸሐፊ አስታውሳችኋት ከሆነ፣ አሁንም አልማረችውም። ማረጥና ታይሮይድ አንዱ ሌላውን አያስቀርም፤ ይደራረባሉ። በማረጥ የሚቀንሰው የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን አፍራሾቹን የሚገታ ልጓም ነው፤ ያ ሲላላ ታይሮይዱ ደግሞ በጅራፍ ይነዳቸዋል። ለዚህ ነው ካረጡ በኋላ ታይሮይድ የሚበዛባቸው ሴቶች የባሰ የሚጎዱት። ደግሞም ማረጥ በመጀመሪያ የሚያጠቃው እንደ ስፖንጅ የሆነውን የውስጡን አጥንት ሲሆን፣ የበዛ የታይሮይድ ሆርሞን ጠንካራውን የውጭ ቅርፊት ይበልጥ ያሳሳል። ስለዚህ የአጥንት ጥግግት ሲለካ ከዳሌና ከአከርካሪ ሌላ ክንድም ቢለካ ጥሩ እንደሆነ መከረችኝ።

18ኛ. አንድ ታሪክ አዋቂ ደግሞ ነገሩ ፋሽን እንዳልሆነ በዓመት አስረዳ። ፎን ሬክሊንግሃውዘን የተባለው ጀርመናዊ የበሽታ ተመራማሪ ገና በ1891 ታይሮይዷ በዝቶ የሞተችን ወጣት ሴት አጥንት አይቶ ትል የበላው ይመስላል ብሎ ጽፏል። የወጣት ሴት አጥንት ነው። ማረጥ የለም። 16ኛው ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

19ኛ. ይህን የጻፈው ወንድ ነው፣ 40 ዓመቱ። ወንዶችም እንደሚያዙ ሊያስታውሰን ነው የገባው። እሱን ቀድሞ የከዳው አጥንቱ ሳይሆን ጡንቻው ነው። ደረጃ ሲወጣ ጭኑ ይዝላል፣ ቁጢጥ ካለ መነሳት ያቅተዋል። ሆርሞኑ ሲበዛ ትከሻና ጭን አካባቢ ያሉት ትልልቅ ጡንቻዎች ይደክማሉ፤ የደከመ ጡንቻ ይጥላል፣ የሳሳ አጥንት ደግሞ ሲወድቅ ይሰበራል። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው ሰውን የሚሰብሩት።

ይቺን ሳነብ ለትንሽ ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩት። እህቴ ከሶፋ ስትነሳ የምታደርገው ነገር ነበራት። መጀመሪያ ወደ ጫፉ ትንፏቀቃለች። ሁለት መዳፏን ጉልበቷ ላይ ትጫናለች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ፣ ክርኖቿ እየተንቀጠቀጡ፣ ራሷን በእጇ ትገፋለች። ለወራት ዓይኔ እያየ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። ገና 53 ዓመቷ ነው እኮ።

20ኛ. ሌላዋ ደግሞ ለታይሮይድ ማነስ የምትወስደውን ሌቮታይሮክሲን እንድትከሳና እንድትነቃ ብላ በራሷ ጊዜ አንድ ተኩል አድርጋዋለች። ጥሩ እየተሰማት እንደሆነና ምን ችግር እንዳለው ጠየቀች።

21ኛ. የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ከወትሮው ጠንከር ብሎ መለሰላት። አጥንቱ ሆርሞኑ ከዕጢ ይምጣ ከእንክብል አይለይም። ከልክ በላይ ከሆነ ሥራው አንድ ነው፣ ልብንም ከምት ሥርዓቱ ያወጣል። የታይሮይድ ካንሰር ታክመው ቲኤስኤቻቸው ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገላቸው ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ እነሱ ጥቅሙና ጉዳቱ ተመዝኖ፣ አጥንታቸውም እየታየ ነው። እሷ ግን ማንም ሳይከታተላት ነው። መጠኑን ወደ ታዘዘው መልሳ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንድትመረመር ነገራት። ካልሲየም የምትወስድ ከሆነም ሌቮታይሮክሲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይያዝባት በአራት ሰዓት እንድታራርቃቸው አስታወሳት። አመስግና ወጣች።

22ኛ. ይኼኛው የበዛን የታይሮይድ ሆርሞን የሚቀንሰው መድኃኒት፣ ካርቢማዞል፣ መርዝ ነው፣ ተዉትና የባሕር አረም ዱቄት ውሰዱ ብሎ የጻፈው ነው። የሚሸጥበትን አድራሻም አስቀምጦ ነበር፤ አስተባባሪዎቹ አጥፍተውታል።

23ኛ. ነርሷ ለዚህ ስትመልስ ከክሩ ሁሉ አንዴ ብቻ ተቆጣች። የባሕር አረም አዮዲን የሞላበት ነው። አዮዲን የታይሮይድ ሆርሞን መሥሪያ ነው፤ በራሱ ጊዜ ሆርሞን የሚያመርት እብጠት ላለበት ሰው እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ማለት ነው። ካርቢማዞል የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው አልካደችም፤ እንዲያውም ሁሉም ሊያውቀው የሚገባውን አንዱን በትልቁ ጻፈች። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ድንገት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል ቆጠራ ማሠራት አለበት፤ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴሎችን ክፉኛ ያወርዳልና። ይቺን ጽፌ የእህቴ መድኃኒት ሳጥን ላይ ለጥፌያታለሁ።

24ኛ. ታይሮይዷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴት ያወራችው ነገር የሁላችንንም ሐሳብ ገለበጠው። ከኦፕራሲዮኑ በሁለተኛው ቀን ከንፈሯና የጣቶቿ ጫፍ ይነዝራት፣ እጇም ይኮማተር ጀመር። ካልሲየሟ ወርዶ ነበር፣ በደም ሥር ተሰጣት። የተራበ አጥንት ይሉታል። አፍራሾቹ ድንገት ሲቆሙ ገንቢዎቹ ያን ሁሉ ጉድጓድ ለመሙላት ከደም ውስጥ ካልሲየሙን እየጠጡ ይጨርሱታል። የላቦራቶሪዋ ባለሙያ አንድ መስመር ጨመረች። ካልሲየም የወረደው አጥንቱ ስለተራበ ከሆነ ፎስፌቱም አብሮ ይወርዳል፤ ዘበኞቹ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምናው ተጎድተው ከሆነ ግን ፎስፌቱ ከፍ ይላል። ሕክምናቸው ስለሚለያይ ሁለቱም መለካት አለባቸው።

25ኛ. ሦስተኛው ሰውዬ ተመለሰ! ካልሲየም በመጨረሻ ቦታውን አገኘ ማለት ነው ብሎ ጠየቀ፣ በትሕትና። አራተኛዋም በትሕትና መለሰችለት። ነገሩ የጊዜ ጉዳይ ነው። አፍራሾቹ በሥራ ላይ እያሉ የሚጎዳው እንክብል፣ እነሱ ከቆሙ በኋላ ሐኪም አይቶ ሲያዝዘው መድኃኒት ነው። ሁለቱ እንዲህ ሲነጋገሩ በማየቴ ደስ ብሎኛል።

26ኛ. ይኼኛው እኔው ነኝ፣ ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ በጣም ፈርቼ የጻፍኩት። ቲ4 ወርዷል፣ ካልሲየሙ 9.8 ሆኗል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ግን ጭራሽ ከበፊቱ ጨምሯል። መድኃኒቱ ጉበቷን የጎዳው መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።

27ኛ. የላቦራቶሪዋ እህት ገና በማለዳ መለሰችልኝ። ይህ ነገር ከጉበትም ከአጥንትም ይመጣል። የሌሎቹ የጉበት ምርመራዎች ውጤት ጤናማ ከሆነ የአጥንት ነው ማለት ነው፤ ገንቢ ሴሎች ሥራ ላይ ሲሆኑ የሚለቁት ነው። ታይሮይዱ ሲታከም አፍራሾቹ ቶሎ ይቆማሉ፣ ገንቢዎቹ ግን ለወራት ይቀጥላሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከመውረዱ በፊት መጨመሩ የታወቀ ነው። የጉበቱን ውጤት ሄጄ አየሁት። ጤናማ ነው። እህቴን ቀስቅሼ አጥንትሽ እየተሠራ ነው አልኳት። በእንቅልፍ ልቧ ሳቀችብኝ።

አሁን ያለንበትን ልጻፍ። አምስተኛ ወሯ ነው። ቲ3 እና ቲ4 ተስተካክለዋል። ቲኤስኤች ገና ዝቅ እንዳለ ነው፤ እሱ ከሌሎቹ ዘግይቶ እንደሚነሳ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም። ካልሲየም 9.5፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን 31። ዘበኞቹ ነቅተዋል። አልካላይን ፎስፋቴዝም መውረድ ጀምሯል። የአጥንት ጥግግቷ ዴክሳ በሚባለው የራጅ መለኪያ ሲለካ፣ ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር ተነጻጽሮ፣ አከርካሪዋ ላይ ከዜሮ በታች 2.7፣ ክንዷ ላይ ከዜሮ በታች 2.9 ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ያወጣው የአጥንት መሳሳት መለኪያ ከዜሮ በታች 2.5 ስለሆነ መስመሩን አልፋለች። ሐኪሙ ታይሮይዱ በደንብ ሲረጋ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ብዙው እንደሚመለስ፣ ካረጡ በኋላ ግን ሁሌ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ሳይደብቅ ነገረን። የቫይታሚን ዲ መጠኗ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ እሱን አዘዘላት፣ ካልሲየሙንም በትንሽ መጠን መለሰላት። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ትጀምር እንደሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይወሰናል።

4 ኪሎ ጨምራለች። የውሃ ጠርሙሱ ጠዋት ከግማሽ በላይ ሳይነካ ያድራል። ትናንት ስልክ ሲጠራ ከሶፋው ተነስታ ሄዳ አነሳችው። እጇን ጉልበቷ ላይ አላደረገችም። እሷ ልብም አላለችው።

28ኛው መልስ ሰጪ የክንዱ ልኬት ለብቻው መጠየቅ እንዳለበት ወይም ከሌላው ጋር አብሮ እንደሚሠራ ጠይቆኛል። እኛ ለብቻው ነው የጠየቅነው፤ መጀመሪያ በታዘዘልን ወረቀት ላይ አልነበረም። ዴክሳው በዓመቱ ይደገማል፣ ውጤቱን እዚሁ ሥር እጽፈዋለሁ።